ባለ ሦስት ጎድጓዳው የእትዬ አዝመራ ሳህን

ወሎ ሰፈር ከጋራዦቹ ጀርባ ያለውን ግቢያችንን ያየ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይፈጸምበታል ብሎ አይገምትም። ቀን ሙሉ መዶሻ ይጮኻል። ከቦሌ የሚነሣው አውሮፕላን ቆርቆሯችንን ሊነጥቅ የመጣ ይመስል ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ወሬያችንን እናቆምለትና ካለፈ በኋላ ካቆምንበት ቃል እንቀጥላለን። በግቢው መጨረሻ ሁለት ቤቶች አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፦ በግራ የእማማ ሲቲ፣ በቀኝ የእትዬ አዝመራ። የእኔ ቤት ፊት ለፊታቸው ነው። አትላስ አካባቢ ካለ ሆቴል፣ አንሶላ ከማሳጥብበት ክፍል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመለሳለሁና አስር ሰዓት ሲሆን ሁልጊዜ በሬ ላይ ነኝ። ያየሁትን ያየሁት፣ የሰማሁትን የሰማሁት ለዚህ ነው።

እማማ ሲቲ ከሐይቅ በልጅነታቸው መጥተው ከሹፌሩ ባላቸው ከሰይድ ጋር እዚሁ ሰፈር አርጅተዋል። ሰይድ ከሞቱ ቆዩ። ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ የግቢውን በር የምትነካ አንዲት ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው፤ ለመካኒኮቹ ብስኩትና ከረሜላ ይሸጡ ነበር። ስኳር በሽታ እንዳለባቸው ሲነገራቸው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ጣፋጭ ሳከፋፍል የቀረው እኔ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ በሉኛ!» ብለው ሐኪሙን ሳይቀር አሳቁት።

ኪኒናቸውን አያዛንፉም። የሚያዛንፉት መክሰሱን ነበር። ሐኪሙ «በምሳና በእራት መሀል ትንሽ ነገር ይቅመሱ፤ አለዚያ ስኳርዎ ቁልቁል ይወርድና ይጥልዎታል» ብሏቸዋል። እሳቸው ግን ለመክሰስ ብለው ከፍራሻቸው የሚነሡ ሴት አይደሉም።

«ለአንድ ጭብጥ ነገር ምድጃ ልለኩስ? ሽንኩርት ልክተፍ? ኧረ ተይኝ እስቲ!»

ይህን ችግር የፈቱት እትዬ አዝመራ ናቸው። እትዬ አዝመራ የነቀምት ሴት፣ ጴንጤ፣ የአቶ ኦላና ሚስት ነበሩ፤ ኋላ እሳቸውም ባል ሞተባቸው። ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ በሚሰናዳበት ኩሽና ውስጥ ነው። ሥራቸው ትንንሽ ሳህኖችን መሙላት ነበር፤ እጃቸው ልክ ያውቃል። ጠርዙ ተሸርፎ ሊጣል የነበረ ባለ ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ከዚያ ይዘው መጥተው ነበርና እሱን ለጎረቤታቸው መደቡት። በአንዱ ጎድጓዳ ጨው ያልነካው የሽምብራ ቆሎ፣ በሁለተኛው ጠዋት ከቁርስ ጋር የተቀቀለ እንቁላል ለሁለት ተከፍሎ፣ በሦስተኛው የተገኘው፦ ካሮት፣ ለውዝ፣ አንዳንዴ ሎሚ የተጨመቀበት ግማሽ አቮካዶ። በዚያ ሰዓት የሚቀቀል የለ፣ የሚከተፍ የለ፤ በጣት ተነሥቶ የሚበላ ነው። አስር ሰዓት ሲሆን እትዬ አዝመራ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ በጣታቸው አንጓ ግድግዳውን ይመታሉ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሲቲ ከወዲህ ይመልሳሉ። ከዚያ ሳህኑ ይመጣል።

ሳህኑ ባዶውን ተመልሶ አያውቅም። ሎሚም ሆነ ቃሪያ፣ አንድ ነገር ጣል ሳይደረግበት አይሄድም። ሁለቱን በማዕድ የሚለያቸው ሥጋ ብቻ ነበር። «እንቁላል እንደሆነ ሃይማኖት የለው!» ይላሉ ሲቲ፤ እትዬ አዝመራ ከት ብለው ይስቃሉ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እትዬ አዝመራ በተኙበት አረፉ። ከቀብር መልስ ልጃቸው እዝራ ዕቃውን ለማንሣት አንጀቱ እምቢ አለው። በሩ ላይ ጓጉንቸር አንጠልጥሎ ሄደ። ሳህኑ ግን እማማ ሲቲ ቤት ታጥቦ ተደፍቶ ቀረ።

ከዚያ በኋላ እማማ ሲቲ ወደቁ። ሰነበቱና እንደገና ወደቁ። ልጃቸው ሳና፣ አውሮፕላን ማረፊያ ትኬት የምትሠራው፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች።

«እማ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ብትወድቂ ዕቃሽን ጭኜ ሰሚት፣ እኔ ቤት ነው የምወስድሽ። በቃ።»

«አምስተኛ ፎቅ ላይ እንደ ርግብ ልታስቀምጪኝ?»

«ሊፍት አለው እኮ!»

«ሊፍቱ ነው ጎረቤት የሚሆነኝ?»

ሳና ወጣች። እማማ ሲቲ ወደኔ ዞሩ። ሳቁ ከፊታቸው ላይ የለም።

«እድላዊት፣ እዚያ ከወሰደችኝ ክረምት አልደግምም። ወላሂ።»

ግድግዳው መንኳኳት መጀመሩን ያወቅነው በዚያው ሰሞን እሳቸው ሲነግሩን ነው። «አዝመራ አልተወችኝም፤ በሰዓቷ ትጠራኛለች» አሉ፤ ፀሐይ ወጣች እንደማለት ቀለል አድርገው። የግቢው ሰው ለሁለት ተከፈለ። መካኒኩ ታዴዎስ «አይጥ ነው» አለ። «አይጥ ሰዓት ያውቃል?» አሉት የቀሩት። እዝራ በስልክ፣ «እናቴ ጌታ ዘንድ ናት፤ ግድግዳ ስታንኳኳ አትውልም» አለ፤ ድምፁ ግን ተሰብሮ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እሳቸው ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ወሬ ይዘናል። አንድ አውሮፕላን አልፎ ጸጥ እንዳለ ሰማሁት።

ኳ። ኳ። ኳ።

አይጥ አይደለም። እንጨትም አይደለም። ሥጋ ያለው ጣት ነው፤ ከማዶ፣ የተቀመጠ ሰው ትከሻ ከሚደርስበት ቦታ። ብድግ ብዬ ወጣሁና ወደ እትዬ አዝመራ በር ሄድኩ። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው፤ በቀለበቱ መሀል ሸረሪት አድርታበታለች። መስኮቱ ከውስጥ ተዘግቷል።

ተመልሼ ስገባ እማማ ሲቲ ጠዋት ራሳቸው የሞሉትን ባለ ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ጭናቸው ላይ አድርገው ይበላሉ። ከቆሎው ግማሹን በሉ። ከእንቁላሉ ግማሹን። ከካሮቱ ግማሹን። ከዚያ ሳህኑን በጨርቅ ሸፍነው አስቀመጡት።

«ጠግበው ነው ያስተረፉት?»

«የተረፈ አይደለም። የሷ ነው።»

«እማማ፣ እትዬ አዝመራ እኮ…»

«ሞታለች። ቀብሯ ላይ አብረሽኝ አልነበርሽም እንዴ? ሳህኗ ግን እኔ ጋ ነው። ባዶውን አልመልሰው ነውር ነው። ሞልቼ እንዳልመልሰው በሩ ተቆልፏል። ታዲያ በሰው ሳህን ሙሉውን ጥርግ አድርጌ ልበላ? በምን ዐይኔ? ግማሹን አቆይላታለሁ፤ ጠዋት ለወፎች እበትነዋለሁ።»

በእንግዳ ደንብ፣ በይሉኝታ፣ ሴትዮዋ በየቀኑ ግማሽ መክሰስ እየበሉ ነበር! ኪኒኑ ግን ሙሉ ነው። የሚወድቁት ለዚህ ነው። ከግድግዳው ማዶ ያለችው ደግሞ ትጠራለች፣ ትጠራለች፤ የምትፈልገው ሳህኗን ይሁን ራሳቸውን አላወቅኩም።

«ሳህኑን እንመልስላቸው» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

እዝራ ቁልፉን ይዞ መጣ። ከግቢው በር አላለፈም። «እናንተ ግቡ። እኔ አልችልም» ብሎኝ ወደ መንገዱ ዞሮ ቆመ።

እማማ ሲቲ የራሳቸውን በር ቆልፈው ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ፤ ሳህኑን ሞልተው በሁለት እጃቸው ያዙ። ቆሎው አፍ እስከ ገደፉ፣ እንቁላሉ ሙሉ፣ ለውዙ ሙሉ። በሩን ስከፍት የታፈነ ብርድ ወጣ፤ ውጭ ፀሐይ ነው፣ ውስጡ ግን ክረምት እንደሆነ ቀርቷል። አቧራው ወለሉን፣ ጠረጴዛውን፣ አልጋውን እኩል ሸፍኗል። የሰው ዱካ የለም። የእትዬ አዝመራ ወንበር ከግድግዳው ጎን እንደነበረ ነው። ከወንበሩ በላይ፣ ዕድሜ ልካቸውን የመቱት ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኗል። ወንበሩን ልጠርግ ጎንበስ ስል እጄ ቆመ። ከአቧራው በላይ ነጭ የኖራ ብናኝ አለ። ከበላዩ አቧራ አልነካውም። የትናንት ነው፤ ቢርቅ የትናንት ወዲያ።

ለእማማ ሲቲ አልነገርኳቸውም። ዐይናቸው ግን እዚያው ላይ ነበር።

ጠረጴዛውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉና ሳህኑን አስቀመጡ። «አዙ፣ ይኸው ሳህንሽ። ሙሉ ነው። ያቆየሁብሽን ይቅር በዪኝ» አሉና የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ግንባራቸው ላይ ላብ ሲያቸፈችፍ፣ ጣቶቻቸው ሲንቀጠቀጡ አየሁ።

«እማማ! ስኳርዎ እየወረደ ነው፤ ይቅመሱ!»

«ከሷ ማዕድ? አሁን መልሼው?»

ያኔ ተንኳኳ። ከወዲያ። ከእማማ ሲቲ ቤት። ራሳችን ከቆለፍነው፣ ቁልፉ መዳፌ ውስጥ ካለው ቤት። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከተላጠው ክብ ላይ ኖራው ብን ብሎ ወንበሩ ላይ ሲወርድ በዐይኔ አየሁ።

እማማ ሲቲ ግን እየተንቀጠቀጡ ሳቁ።

«ውይ አንቺ! እኔ ቤትሽ ስመጣ አንቺ ቤቴ ሄድሽ?» ከዚያ ፊታቸው ለሰስ አለ። «በይ እሺ። እንግዳሽ ነኝ። እንግዳ አይግደረደርም።»

ሳና ለክፉ ጊዜ ያሲያዘቻቸውን ከረሜላ ከኪሳቸው አውጥተው ቀድመው አኘኩት። ላቡ ደረቅ ሲል ሳህኑን ሳቡና ቆሎውን በሉ። እንቁላሉን በሉ። ለውዙን በሉ። አንዲት ፍሬ አላስቀሩም። ሳህኑ ራሳቸው ሞልተው ያመጡት ቢሆንም ተመልሷል፤ አሁን ያለው የባለቤቷ ምግብ ነው፤ ባለቤቷ ጠርታ የጋበዘችውን ማስተረፍ ነውር ነው። ባዶውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ ትተን ወጣን። የራሳቸውን ቤት ስከፍት ማንም የለም። ፍራሹ ላይ ግን፣ ግድግዳው ጥግ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ የተነሣ ይመስል ጎድጉዶ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሳቸው ጎድጓዳ ሳህን ሙሉውን ይበላሉ። አልወደቁም። ሆኖም እዝራ ከእኔ የሰማውን ለሳና ነገራትና ቅዳሜ ሻንጣ እየጎተተች ደረሰች።

«የሞተ ሰው ቤት ገብታችሁ መክሰስ በላችሁ?! እማ፣ አእምሮሽን እየነካሽ ነው። ተነሺ፣ መኪናው ቆሟል።»

«ተቀመጪና ትንሽ ቆዪ» አሉ እማማ ሲቲ። «አስር ሰዓት ሊሆን ነው።»

ሳና በንዴት ተቀመጠች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ጎድጓዳው ሳህን ከእማማ ሲቲ ፊት ነው። ተንኳኳ። ሳና ቀና አለች። እናትየው እጃቸውን አልዘረጉም፤ ልጃቸውን ብቻ ያያሉ። ሳና ተነሥታ አንገቷን በበሩ ወደ ውጭ አስግጋ የጎረቤቱን ጓጉንቸር አየች። ተቆልፏል።

ከዚህ በፊት ሆኖ የማያውቅ ነገር ሆነ። እንደገና ተንኳኳ። ጠንክሮ፤ ቁጣ ያለበት። መደርደሪያው ላይ ያሉት ሲኒዎች ተንጫጩ።

«እማ» አለች ሳና፣ በሹክሹክታ። «ብዪ። በናትሽ ብዪ።»

እማማ ሲቲ መብላት ጀመሩ። ግማሹን እንቁላል ለልጃቸው አቀበሏት፤ ሳና ሳታኝክ ዋጠችው። ሰሚትን ያነሣ አልነበረም።

ስትሄድ ሻንጣው ባዶውን ነበር። በእትዬ አዝመራ በር ስታልፍ ቆመች፤ ግራ ቀኟን አየች። የተቆለፈውን በር በጣቷ አንጓ ቀስ አድርጋ መታችው፤ እንደ ማመስገን፣ እንደ አደራም። መልሱን ሳትጠብቅ ፈጥና ወጣች።

እኔ በሬ ላይ ነበርኩ። ሰማሁት።