አክስቴ ሰላምታ ያቆመች ሰሞን

አክስቴ አብዳለች የተባለው ሰላምታ በማቆሟ ነው። እኛ ከተማ፣ መካነ ሰላም ላይ፣ ይሄ ልብስ አውልቆ ከመሮጥ አይተናነስም። እኛ ዘንድ ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ጤናው፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ሳይቀር ተጠይቆ ነው የሚለቀቀው። እሷ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ገበያ ስትሄድም ስትመለስም አንድ ሰው ቀና ብላ አላየችም።

በአራተኛው ቀን ጎረቤቱ ቤቷን ሞላው። አንዷ አጥሚት፣ አንዷ ቅንጬ፣ ሌላዋ በጀሪካን ጠበል ይዛ መጣች። ሼኹ ዱዓ ሊያደርጉላት፣ የንስሐ አባቷም ሊጸልዩላት እኩል ደረሱና፣ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በአላህ፣ እርስዎ!» ሲባባሉ አክስቴ ቅንጬውን ጨረሰችው።

እኔ የወንድሟ ልጅ ነኝ፤ አጥራችን አንድ ነው። ተማርኩ ባይ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ ዋና አዛዥ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ቅዳሜ ጠበል ቦታ ትወሰድ ተባለ። «ካስቸገረች በሰንሰለት ትታሰራለች» ያልኩትም እኔው ነኝ፤ አፌን በቆረጠው!

«መኪናም ተናግሬያለሁ» አልኩ ኮራ ብዬ።

አክስቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «መኪናው ያኔ የት ነበር?»

«መቼ?»

«ትኩሳትና ሳል ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ የጣሉኝ ጊዜ ነዋ! አንዳችሁ በሬን አላንኳኳችሁም።»

«ወላሂ፣ ደጎሎ ከተማ ልጅሽ ዘንድ የሄድሽ መስሎን ነው» አለች ባለአጥሚቷ።

«ይሁን። ተሽሎኝ ስወጣስ? ሁላችሁም ‹እንዴት ከረምሽ› ትላላችሁ፣ መልሴን ሳትሰሙ ታልፋላችሁ። እንግዲያ ምን አደከመኝ ብዬ ተውኩት። ይኸው፣ ታምሜ ያልመጣ ሰው ሳብድ መጣ!»

ሼኹ ሳቃቸው አመለጣቸው። ቄሱ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔም ልስቅ ስል ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ አትሳቅ። ደጎሎ አለመሄዴን ታውቃለህ። ሳሌ ሲበዛብህ ሬዲዮህን ከፍ ታደርግ ነበር።»

እውነቷን ነው። ከአጥሩ ማዶ ሌት ተቀን ስትስል እሰማ ነበር፤ ነገ እጠይቃታለሁ እያልኩ ሬዲዮውን ከፍ አደርጋለሁ። አፈርኩ። ስልኬን አውጥቼ እዚያው ፊታቸው ሾፌሩን «ቅዳሜ እንዳትመጣ» አልኩት።

«አሁንስ እንዴት ነሽ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«አሁን እንኳ ጉልበቴን ነው» ብላ ጀመረች። ማንም ከመቀመጫው አልተነሳም።