ሁለት ስፒከር፣ ሁለት ዘፈን

ሂልካ ሩሳነን ፊንላንድ ውስጥ በሃፓላምፒ ሐይቅ ዳር ባለው የዳንስ አዳራሽ መድረክ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ኪቦርድ ተጫውታለች። ባሏ ታውኖ ከጎኗ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ሁለቱ አንድም ቀን አብረው አልደነሱም። ሌላው ይደንስ ዘንድ እነሱ መጫወት ነበረባቸው።

ታውኖ በየካቲት ሞተ። በግንቦት አዳራሹ ሲከፈት የባንዱ አለቃ ኤንሲዮ የአኮርዲዮኑን ድርሻ በኪቦርዷ እንድትጫወተው ለእሷ ሰጣት። እሷም ታውኖ ከሞተ ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ ወጥ ቤቷ ውስጥ በኪቦርዱ የፒያኖ ድምፅ ስትለማመደው ነበር። በመስኮቱ ግራና ቀኝ ባስቀመጠቻቸው ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ውስጥ ፒያኖው እንደ ሰው ይናገር ነበር። መድረክ ላይ ግን ድምፁ እንደ ባዶ ቅል ሆነ። ታንጎው መሃል ላይ ደናሾቹ እርምጃ ጠፋባቸው፤ ወለሉ ላይ ያለው ሰው ሳሳ።

“እጅሽ ሐዘን ላይ ነው” አላት ኤንሲዮ። “ይህን በጋ እረፊ። ያንቺን ድርሻ ከቅጂ እናጫውተዋለን።”

“እጄን ተወው። እጄ ሥራውን ያውቃል።”

ቤቷ ገብታ መረመረች። መጀመሪያ የታውኖን አሮጌ የጊታር ማጉያ ሰካች፤ ፒያኖው ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ መሰለ። ለጊታር የተሠራ ለጊታር ነው። ቀጥላ ከኪቦርዱ የሚወጡትን ሁለት ገመዶች አዳራሹ እንደሚያደርገው አንድ ላይ አገናኘቻቸው። ያው ባዶ ቅል ወጣ! የግራውና የቀኙ ድምፅ አንድ መንገድ ላይ ሲገናኙ እርስ በርስ ይዋዋጣሉ። ጥፋቱ የጣት ሳይሆን የገመድ ነበር። እስካሁን ዜማውን ይይዝ የነበረው አኮርዲዮኑ ስለሆነ ማንም አላስተዋለውም። ይህን ያገኘችበትን ቀንና ሰዓት የቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ ጻፈች።

የወጥ ቤቱን ስፒከሮች ወደ መድረክ መውሰድ አይቻልም፤ ከበሮው ይውጣቸዋል። ሱቅ ሄደች። ሻጩ አንዲት ቆንጆ ትንሽ ስፒከር አነሳላት።

“ለዕድሜዎ ይቺ ትቀልዎታለች፣ እማማ።”

“የምሰካው ኪቦርድ ነው እንጂ ዕድሜዬን አይደለም።”

የሱቁን ኪቦርድ አሰክታ ድምፁን እስከ ሹክሹክታ ዝቅ አስደረገች። ሻጩን በር ላይ አቁማ ከሁሉ ወፍራምና ከሁሉ ቀጭን ድምፅ ያላቸውን ሁለት ቁልፎች በየስፒከሩ ተራ በተራ ነካች። ሁለቱንም አጥርቶ የሰማው በአራተኛው ስፒከር ብቻ ነበር። የዚያን ዓይነት ሁለት ወሰደች። እያንዳንዱ ዐሥራ ሰባት ኪሎ ይመዝናል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመድረኩ ግራና ቀኝ፣ በጆሮ ከፍታ፣ በማቆሚያ ላይ አቆመቻቸው። ኤንሲዮ የአዳራሹን ድምፅ ከሚቆጣጠርበት ሚክሰር ኋላ ጮኸ።

“እዚህ የሚሰማው የአዳራሹ ስፒከር ነው! ወይ ሳጥኖችሽን መልሺ፣ ወይ ውረጂ!”

“እወርዳለሁ” አለች ሂልካ።

ወረደችም። ቀድማ ግን ቲኬት ቆራጯን ኢርያን አንድ ነገር ጠይቃት ነበር። ኢርያ ቀዩን መብራት አበራች፦ “ሴቶች ይጠይቃሉ” የሚለውን። ያ መብራት ሲበራ ለዳንስ የተጠየቀ ወንድ እምቢ አይልም፤ ወለሉ ላይ ከገባም ሁለት ዘፈን ሳያልቅ አይወጣም። ይህንን በየቅዳሜው በማይክራፎን የሚያሳስበው ራሱ ኤንሲዮ ነው።

ሂልካ ፊቱ ቆማ እጇን ዘረጋች። “ትደንሳለህ?”

“አሁን? ባዶ አዳራሽ ውስጥ?”

“መብራቱ በርቷል!” አለች ኢርያ ከመድረኩ። “እምቢ ካልክ ዛሬ ማታ ለሕዝቡ እናገራለሁ!”

ኤንሲዮ እየተነጫነጨ ገባ። ሂልካ ጠዋት ኪቦርዱ ላይ ቀድታው የነበረው ታንጎ በአዳራሹ ስፒከር ተለቀቀ። ወለሉ መሃል ሳይደርሱ ሁለቴ እግሯን ረገጣት።

“ምን ሆነህ ነው?” አለችው። “እግርህም ሐዘን ላይ ነው እንዴ?”

ዘፈኑ ሲያልቅ ኢርያ ገመዶቹን ነቅላ፣ እንደተነገራት፣ አንዱን ከግራው አንዱን ከቀኙ ስፒከር ሰካች። ያው ታንጎ፣ በእነዚያው ጣቶች፣ ዘጠነኛው ምት ላይ ያለችው ትንሽ ስሕተት እንኳ ሳትቀር፣ እንደገና ጀመረ። የኤንሲዮ እግር መንገዱን አገኘ። በሐይቁ በኩል እስካለው ግድግዳ ድረስ ወሰዳት፤ ድምፁም ሳይጎድል ተከተላቸው። ታውኖ ሠላሳ አንድ ዓመት የተጫወተላቸው ሰዎች የሚሰሙት እዚህ ሆነው ነበር። ሂልካ እርምጃዋን ቆጠረች እንጂ አላለቀሰችም።

ልማዱ፣ ጠያቂዋ የጠየቀችውን ወንድ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች ይላል። ኤንሲዮን እስከ ሚክሰሩ መልሳ፣ አመስግና፣ መድረክ ላይ ወጥታ ኪቦርዷ ፊት ተቀመጠች።

ኤንሲዮ ከሚክሰሩ ኋላ፣ “የግራው ሳጥን ከበሮውን ይጋርደዋል” አለ። “ትንሽ ብታስጠጊው።”

“ከበሮው ይጠጋ” አለች ሂልካ።