በአሕመድ ዳጋህ ፀሐይ ቀይ ጃኬት

ሰውየው ያን ወፍራም ቀይ ጃኬት ከልባሽ ክምር ነው ያወጣው፣ መርከብ የሚባል አልተሳፈረም ተብሎ ነበር። ምነው እውነት በሆነ! ሻይ የምታፈላልን ሰብሪያ የጉዞውን ቪዲዮ በስልኩ አይታለች፤ በሰሜን ጫፍ ደሴቶች ወፍ የለበሱ ገደሎች፣ በረዶ ላይ የምትንጎራደድ ነጭ ድብ። እኛ የበርበራን ባሕር እንኳ ያየነው በሰው ስልክ ነው!

ጅግጅጋ ያደገው ይህ ሰው በሰፈራችን በአሕመድ ዳጋህ ፀሐይ ዚፑን እስከ አገጩ ዘግቶ ሻይ ይጠጣል። እዚህ ከመንገድ የመጣን ሰው ወሬ መጠየቅ ደንብ ነው፤ እሱን ግን ቅናት አፋችንን ዘግቶት ማንም አልጠየቀውም። ትናንት ከመካከላችን ሙሰዓብ፣ «ጋሼ፣ ጃኬቱ አይሞቅዎትም?» ሲል ለከፈው።

መልሱን ስንሰማ ሁላችንም ወደ ብርጭቋችን አቀረቀርን።

«ይሞቀኛል፣ ወላሂ። ልጄ የመርከቡን ትኬት ለእኔና ለእናቷ ቆርጣ ነበር፤ ቪዛው ለእኔ ብቻ መጣ። ከተመለስኩ ጀምሮ ሚስቴም እንደ እናንተ ‹ምን አየህ?› ብላኝ አታውቅም።»