ዮጋው ወደ ቤታችን የመጣበት ቅዳሜ

ልጅ እያለሁ ዮጋ የሚሠራው ጆንያ ላይ ነበር። ዛሬም ቃሉን ስሰማ መጀመሪያ አፍንጫዬ ላይ የሚደርሰው የቡና ጆንያ ሽታ ነው፤ ጥሬ ቡና፣ አቧራና ዝናብ የነካው ገመድ አንድ ላይ ሲሸቱ። በጅማችን ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ምንጣፍ ገዝቶ ስፖርት የሚሠራ ሰው አላውቅም ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ባዶ ጆንያቸውን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ይመጣሉ፣ ያራግፋሉ፣ ያነጥፋሉ። በጆንያው ውስጥ የቀረው ገለባ ይበንና ሁላችንም እናስነጥሳለን። ማስነጠሱ ሲያልቅ ትምህርቱ ይጀመራል።

አስተማሪዋ ሲስተር ሙሉ የምትባል ነርስ ነበረች። ዮጋውን የተማረችው ጎረቤቷ ከነበሩ ሕንዳዊት ወይዘሮ ነው፤ እሳቸው አገራቸው ሲገቡ እሷ እውቀቱን ይዛ ቀረች። ክሊኒክ ውስጥ “ጀርባዬን፣ ወገቤን” እያሉ ከሚመጡባት ሴቶች አብዛኞቹ ቡና ለቃሚዎች መሆናቸውን አየችና ቅዳሜ ከሰዓት ልታስተምራቸው ጀመረች። ጅማ ላደገ ሰው ቡና ለቃሚ ምን እንደሆነች መንገር አያስፈልግም። ለሌላው ግን፣ መጋዘን ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን ደፍታ፣ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ስትለይ የምትውል ሴት ናት። እናቴ ወርቄ አንዷ ነበረች። ከዳውሮ በወጣትነቷ መጥታ እዚያው መጋዘን ገባች፣ እኔን ወለደች፣ ሁለታችን በአንዲት የኪራይ ክፍል እንኖር ነበር።

ዮጋውን ከመጀመሯ በፊት እናቴ ከሥራ ስትመለስ ግድግዳ ይዛ ነበር የምትገባው። መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ ቶሎ ቶሎ እየተነሳች ወገቧን የምታፍታታ ሴት አትወደድም፤ “አንቺ ነገ እረፊ” ትባላለች፣ ያ ነገ ይረዝማል። የእናቴ ጀርባ እምቢ ካለ እንጀራችንም አብሮ እምቢ እንደሚል በዚያ ዕድሜዬ አውቅ ነበር። ሲስተር ሙሉ ዘንድ መሄድ ከጀመረች ወዲህ ግን የውሃውን ጀሪካን ራሷ ማንሳት ቻለች። አንድ ቀን ሳትቀመጥ፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረች። ይኼን እንደ ተአምር ቆሜ አየሁት።

የምንሰበሰበው የአንድ ሟች ነጋዴ አሮጌ ግቢ ውስጥ ባለ የጓሮ ክፍል ነበር። ወለሉ ጣውላ ነው፤ መስኮቱ ከፍ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ከመንገድ የሚያይ የለም፤ በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል። ዋናው ነገር ይኼ መቀርቀሪያ ነበር። ሙስሊሞቹ ሻሻቸውን፣ ክርስቲያኖቹ ነጠላቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ማን አየኝ ሳይሉ ይንጋለላሉ። እናቴ እኔን የምትተውበት ሰው ስላልነበራት ይዛኝ ትሄዳለች፤ እኔም ከጎኗ ሆኜ እሠራለሁ። እግሬን አንገቴ ላይ ስሰቅል ሴቶቹ “ማሻላህ!” ይሉኛል፣ እኔም ለዚያ ስል ብቻ ደጋግሜ እሰቅላለሁ።

የመጨረሻው እንቅስቃሴ በጀርባ ተንጋሎ፣ ዓይን ጨፍኖ ዝም የሚባልበት ነው። ሲስተር ሙሉ እንደተማረችው “ይኼ ሬሳ ይባላል” ስትል ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አደ ሐሊማ ብድግ ብለው ተቀመጡ። አደ ማለት በእኛ አገር ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። “አስተግፊሩላህ! ሳንሞት?” አሉ። የልብስ ሰፊው ሚስት ትርንጎ ደግሞ አማተበች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእንቅስቃሴው ስም “እፎይ” ሆነ፣ ሲስተር ሙሉም ተስማማች።

አራተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ከእፎይ በኋላ ሁሉም ጆንያውን ሲያነሳ ሲስተር ሙሉ “አንዴ ቆዩኝ” አለች። የሟቹ ልጆች ቦታውን ለፎቅ ሊያፈርሱት ነው። ሌላ ክፍል ፈልጋ ነበር፤ በር የሚዘጋ፣ በአቅማችን የሚገኝ አላገኘችም። “ሜዳ ላይ አይሆንላችሁም። እዚህ ላይ ብናቆም ሳይሻል አይቀርም” አለችና አንገቷን ደፋች። ትርንጎ አለቀሰች። እናቴ አላለቀሰችም፤ ጆንያዋን አጥብቃ ጠቀለለችው፣ ከዚያ ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው። 

አደ ሐሊማ ግን ተቆጡ። “ምኑ ነው የሚቆመው? ዳዶ እናድርገዋ!” አሉ። በጅማ ዙሪያ ያለ ገበሬ ዳዶ ይገባል፤ ዛሬ ተሰብስበው ያንዱን ማሳ ይሠራሉ፣ ሌላ ቀን የሌላውን፣ ተራው ሳይዛነፍ ይዞራል። አደ ሐሊማ ያሉት ዮጋውም በየቤታችን ይዙር ነው። “ጀርባ ከማሳ በምን ያንሳል?” ብለው ጠየቁ። ሁሉም ደስ አላቸው፤ ተራ ተያዘ።

በመጨረሻው ቅዳሜ የነጋዴው ልጅ ቁልፍ ሊቀበል ሲመጣ ሴቶቹ ወለሉን እያጠቡ ነበር። በሳምንቱ ለሚፈርስ ቤት በሳሙና፣ በእንዶድ፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር። ልጁ በር ላይ ቆሞ ጫማውን አወለቀ። ምን እንደሚላቸው ግራ ገብቶት “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ብሎ ቁልፉን ተቀበለ።

የመጀመሪያው ተራ የአደ ሐሊማ ነበር። የጅሬንን ዳገት ወጥተን ግቢያቸው ስንደርስ አቮካዶው ሥር ሰሌን ተነጥፏል፣ ሰሌኑ መሀል ገንፎ ቁጭ ብሏል፤ ቅቤው መሀሉ ላይ ኩሬ ሠርቷል፣ ማርና እርጎ ከጎኑ። ሲስተር ሙሉ “አደ፣ ከስፖርት በፊት እኮ...” ብላ ጀመረች። “ታኢ፣ ተቀመጪ ልጄ። ቤቴ መጥታችሁ ሳትቀምሱ? ስፖርቱ የትም አይሄድም” አሏት። እውነትም የትም አልሄደም። ከበላን በኋላ ጎንበስ ማለት የቻለ ሰው አልነበረም። ሲስተር ሙሉ “እጅ ወደ ላይ” ስትል አንዷ አገሳችና “አልሐምዱሊላህ” አለች፣ ሁላችንም በሳቅ ወደቅን። የዚያን ቀን የተሠራው እፎይ ብቻ ነው።

እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ዮጋ አይቼ አላውቅም፣ በጣም ወደድኩት። ችግሩ ቀጣዩ ተራ የትርንጎ መሆኑ ነበር፤ ትርንጎ ደግሞ ከማንም ማነስ አትወድም። ዶሮ ሠራች፤ ያውም የእስላምና የክርስቲያን ተብሎ ሁለት ዶሮ፣ አንዱን ሙስሊም ጎረቤቷ ባርኮ አርዶላት፣ በተለያየ ድስት። ከእሷ ቀጥሎ ያለችው ጨጨብሳውን ከሥጋ ፍርፍሩ ጋር ደረደረችው። በየቅዳሜው ማዕዱ እየሰፋ፣ እንቅስቃሴው እያጠረ ሄደ። ሲስተር ሙሉ ሆድ ሞልቶ መተጣጠፍ ጉዳት እንዳለው ትነግራቸዋለች፣ ሴቶቹም አንገታቸውን እየነቀነቁ ያጎርሷታል። እምቢ ብትል ስድብ ነው፣ ስለዚህ ትጎርሳለች። አንዳንዶቹ ጆንያቸውን ቤት ትተው መምጣት ጀመሩ።

እናቴም እንደገና ግድግዳ መያዝ ጀመረች። መጀመሪያ ማታ ማታ፣ በኋላ ጠዋትም። መጋዘን ውስጥ ተቆጣጣሪው “ወርቄ፣ ዛሬ በዛ መነሳትሽ” እንዳላት ለአከራያችን ለእትዬ አልማዝ ስትነግራቸው ሰማሁ። ቤት ውስጥ ብቻዋን ልትሞክር ጆንያዋን ታነጥፍና እራት ስታበስል፣ ልብስ ስታጥብ ይመሽባታል። ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ።

ቤታችን አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ ቡታጋዝና ሁለት ዱካ ነበረው፤ ከዚያ ውጪ ያለው ቦታ እኔ ተኝቼ ለመገላበጥ እንኳ አይበቃም። እትዬ አልማዝ ዱቄት እንደሚሰጡን፣ ትልቅ ድስታቸውንም እንደሚያውሱን ነገሯት። እኔ እንድትቀበል በልቤ እለምን ነበር። የትርንጎ ልጅ የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ ሰኞ ትምህርት ቤት ምን እንደምትል አውቀዋለሁ። እናቴ ግን አመስግና “አይ፣ ይቅርብኝ” አለች። ቅዳሜ ጠዋት ከእትዬ አልማዝ ልጆች ጋር አልጋውን አውጥታ እንሰቱ ሥር አቆመችው። ከበራችን እስከ አጥሩ ገመድ ወጠረችና አንሶላችንን ሰቀለችበት፤ ግማሹ ሰው ቤት ውስጥ፣ ግማሹ አንሶላው ጀርባ ደጅ ላይ እንዲሆን። ከዚያ እንስራውን ሞላችና ተቀምጣ ጠበቀች።

መጡ። ሰላምታው እንደተለመደው ረዘመ። ከዚያ ዓይኖች ወደ ቡታጋዙ፣ ወደ ሳጥኑ፣ ወደ እንስራው መሄድ ጀመሩ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ ሻሿን ፈትታ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችና ቆመች።

“ዛሬ ምግብ የለም” አለች። “አልሠራሁም። ቢኖረኝም አልሠራም ነበር። በሁላችሁም ቤት በልቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጀርባዬ ግን አልቋል። ይኼ ጀርባ ካልቆመ ልጄን የማበላበት የለኝም። ጆንያ ያልያዘ ካለ የኔን ይውሰድ፣ እንሥራ።”

 ትርንጎ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች፤ የተቀየመች መስሎኝ ነበር። ሁሉም አደ ሐሊማን ያያሉ፣ እሳቸው ከወጡ ሁሉም እንደሚወጣ ግልጽ ነው። አደ ሐሊማ እናቴን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ ብለው እያሰቡ እንደነበር ዛሬ ነው የሚገባኝ። ከዚያ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ “ወላሂ ወርቄ፣ እኔም ያን ገንፎ ሳገላብጥ ውዬ ሦስት ቀን ተኝቻለሁ። አፍሬ ነው ያልተናገርኩት” አሉ።

ሳቁ እስከ እትዬ አልማዝ ቤት ድረስ ተሰማ። ትርንጎም ዶሮዎቹን ስትገነጣጥል አንገቷን እንደያዛት አመነች። አንዷ ከሌላዋ እየተቀበለች፣ ለዮጋው ብለው ሲያበስሉ የታመሙት ሁሉ ተናዘዙ። ሲስተር ሙሉ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ትስቃለች፣ ከሳቁ ጋር እንባዋም ይወርዳል። ከዚያ አደ ሐሊማ እናቴን “ኮቱ፣ ነይ እዚህ” ብለው ከአንሶላው ጀርባ መጀመሪያ እሳቸው ተንበረከኩ። የዚያን ቀን ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ትምህርት ሠራን። ቦታው ስለጠበበ የአንዷ እግር የሌላዋ ትከሻ ላይ ያርፋል፣ የማን እጅ እንደሆነ ይጠፋል፤ ቢሆንም ተሠራ። ሲጨርሱ ውኃ ጠጡና አልጋችንን ተሸክመው ወደ ቦታው መለሱልን፤ ያረጀውን እግሩን ሳይቀር ትርንጎ ባሏን አስጠርታ በሚስማር አስመታችው።

ከዚያ በኋላ የዳዶው ሕግ ውኃ ብቻ ሆነ። በምግቡ ፋንታ፣ እንደ ገበሬው ዳዶ፣ ከዮጋው በፊት የባለተራዋን አንድ ሥራ ተጋግዘው ይሠሩ ጀመር፤ የአንዷን በርበሬ ይቀነጥሳሉ፣ የሌላዋን ግቢ ያርማሉ። ለዓመታት ዞረ። ሲስተር ሙሉ አጋሮ እስክትዛወር፣ አደ ሐሊማ ጅሬን ላይ እስኪቀበሩ ድረስ። እናቴ ትምህርቴን እስክጨርስ መጋዘን ሠራች። ጀርባዋ እምቢ አላላትም።

ዛሬ በዚያ በነጋዴው ግቢ ላይ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። እኔም ቢሮ ቁጭ ብዬ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ ስለምውል ወገቤን አመመኝና እዚያው ሕንፃ ላይ የተከፈተ የዮጋ ክፍል ተመዘገብኩ። ጥሩ ነበር፤ ሙዚቃ አለው፣ ሻወር አለው፣ ግድግዳው ሙሉ መስታወት ነው። ሁሉም ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፣ ጆሮው ላይ የሰካውን ማዳመጫ ሳይነቅል ይሄዳል። ይመቸኝ ነበር፣ አልዋሽም። ማንም ቤቴን አይጠይቀኝም፣ ማንም ብዪ ጠጪ አይለኝም።

ባለፈው ወር ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስልኬን ስከፍት በቴሌግራም መልእክት ገብቷል። ክፍሉ ተዘግቷል፣ ለነበረን ጊዜ እናመሰግናለን ይላል፤ ከሥር የተጣመሩ እጆች ምልክት አለበት። ሌሎቹም ከሥሩ አንዳንድ የልብ ምልክት አስቀመጡ። በቃ፣ ይኼው ነበር። የሚታጠብ ወለል እንኳን አልነበረም።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። አሁን ከእኔ ጋር ናት የምትኖረው። “ታዲያ አብረውሽ የሚሠሩት ሴቶች የት ሊሆኑ ነው?” አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ሁልጊዜ ከጎኔ የምታነጥፍ አንዲት ሴት ነበረች፤ ጉልበቷን እንደሚያማት አይቻለሁ፣ በየትኛው እግሯ እንደምታነክስም አውቃለሁ። ስሟን ግን ጠይቄያት አላውቅም።

 እናቴ ሳሎናችንን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችው፤ ሶፋውን፣ ጠረጴዛውን፣ ምንጣፉን።

“አሁን እኮ ቤታችን ሰፊ ነው” አለች።

ልክ ናት፣ ሰፊ ነው። ስልኬን አንስቼ ለረጅም ጊዜ ይዤው ተቀመጥኩ፤ ነይ ብዬ የምጠራት ሴት ስም ግን አልነበረኝም።