ኦርቪን ስሌተንና ለየት ያለው ላፕቶፕ

ኦርቪን ስሌተን አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ማሽተት ነው። ሳቁ ግድ የለም፤ እኛም በጊዜው ስቀናል። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ አፍንጫው ግን ገና ጎረምሳ ነው። የተቃጠለ ሽቦ፣ የተደፋ ቡና፣ ሲጋራ፣ የድመት ሽንት፣ ሁሉንም በየተራ ይለያል። ከዚያ ክዳኑን ከፈት ዘጋ እያደረገ ማጠፊያውን ያዳምጣል። ኪቦርዱን ፊደል በፊደል ይጫናል። የቻርጀሩን ገመድ አንገቱ ላይ አጠፍ አድርጎ ያየዋል፤ አብዛኛው ቻርጀር የሚሞተው እዚያ ጋ ነው። በመጨረሻ ባትሪውን ያወጣና ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ በጣቱ ገፋ ያደርገዋል። ባትሪው ዝም ካለ ጤነኛ ነው። እንደ እንዝርት ከዞረ ሆዱ አብጧል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ከደረት ኪሱ እርሳስ አውጥቶ ፍርዱን ትንሽ ካርድ ላይ ይጽፋል። ፍርዱ ከሦስት ዓይነት አልፎ አያውቅም። «ይሠራል» ካለ ይሠራል። «መጥፎ አይደለም» ካለ ሚስትህን ሳታማክር ግዛ። «ለየት ያለ ነው» ካለ ግን እንኳን ልትገዛው አጠገቡም አትቁም። ያ ዕቃ ሰኞ ሰኞ የቆርቆሮና የፕላስቲክ ሰብሳቢው መኪና እስኪመጣ የሚጠብቅ ሬሳ ነው።

በእኛ የሐይቅ ዳር ከተማ፣ በዱሉዝ፣ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህ አይምታታበትም። እኛ አገር አማት የልጇ ሚስት የሠራችውን ቀምሳ «ለየት ያለ ነው» ካለች ልጅቷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። «መጥፎ አይደለም» ደግሞ የምስጋና ጣሪያ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን የሚናገር ሰው ወይ ሰክሯል ወይ የሚሸጥልህ ነገር አለ። ኦርቪን ይህችን ቃል ለዕቃ እንጂ ለሰው አይሰጥም። ለሰው የተናገራት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የዛሬ አርባ ስድስት ዓመት፣ ማርሊስ በሙሽራ ልብሷ ከመኪና ስትወርድ። «መጥፎ አይደለሽም» አላት። ማርሊስ እስከ ዛሬ ለልጅ ልጆቿ ታወራዋለች።

ኦርቪን ከወደቡ መሥሪያ ቤት ጡረታ ከወጣ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያኑ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ፣ ጥግ ላይ ባለች አንዲት ጠረጴዛ፣ በነጻ ይሠራል። ያቺ ጠረጴዛ ነፍሱ ናት። የማርሊስም ነፍስ ናት። ጡረታ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት የወጥ ቤቷን ቁም ሣጥን ቅመሙን በፊደል ተራ፣ ድስቱን በክብደት አሰልፎ አደራጅቶላት ነበር። ማርሊስ ያን ቀን ቁርጡን ነገረችው። «ኦርቪን፣ ቀን ቀን የምትውልበት ካላገኘህ ከሁለታችን አንዳችን ከዚህ ቤት እንወጣለን። እኔ ደግሞ አልወጣም።»

እንግዲህ ዘንድሮ በየካቲት የመደብሩ ኮሚቴ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ቀጠረ፤ ሬይሊን ተብስ የምትባል፣ ባሏን ተከትላ ከቴክሳስ የመጣች ሴት። ኮሚቴው ገና ስትገባ አንድ ነገር ነግሯት ነበር፤ የኮምፒውተሩ ጥግ እስከ መጋቢት መጨረሻ ገንዘብ ካላመጣ ጠረጴዛው ተነሥቶ ቦታው የገና ጌጥ መሸጫ ይሆናል። ሬይሊን ደግሞ ጥጉን ለማዳን ቆርጣ ተነሣች። ክፋት የሚባል አልፈጠረባትም። ችግሩ ይኸው ነው፤ ክፉ ብትሆን ኦርቪን እንዴት እንደሚይዛት ያውቅ ነበር። ሰውን ሁሉ «የኔ ማር» ትላለች። ቡናው ድንቅ ነው፣ በረዶው ድንቅ ነው፣ የፖስተኛው ኮፍያ ሳይቀር ድንቅ ነው። እኛ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ስንሰማ ጫማችንን እናያለን።

የመጋቢት ሦስተኛ ቅዳሜ ጠዋት ኦርቪን ከሐይቁ ነፋስ አንገቱን ቀብሮ ሲመጣ፣ የመደብሩ መስኮት ጋ ሲደርስ እግሩ ተገተረ። መስኮቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። በጨርቁ ላይ አንድ ጥቁር ላፕቶፕ ቀይ ሪባን ታስሮለት ተሰይሟል። ዋጋው ሁለት መቶ አርባ ዶላር። ከፊቱ የኦርቪን ካርድ በገዛ እጅ ጽሕፈቱ ቆማለች። «ለየት ያለ ነው» ትላለች።

ወደ ውስጥ ገባ። በሩ አጠገብ አንድ የልብስ ቅርጫት አለ፤ «ማንኛውም ዕቃ አምስት ዶላር» ተብሎ ተለጥፎበታል። «መጥፎ አይደለም» ያለው ዕቃ በሙሉ እዚያ ውስጥ ተጠቅጥቋል። ቅርጫቱ ላይ ያጎነበሰው ዴልማር ነው፤ ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ፣ የሃያ ዓመት ወዳጁ። ሁለት ላፕቶፕ በብብቱ፣ ሦስት ኪቦርድ በክንዱ ይዞ አንድ ማውስ በጅራቱ ከጥርሱ አንጠልጥሏል።

«ደህና አደርክ ኦርቪን» አለ ዴልማር ማውሱን ከአፉ አውጥቶ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ።

«ደህና። ያዝ ያዝ አድርገሃል።»

«እንዲያው ጥቂት ነገር ነው።»

«አምስት አምስት ዶላር?»

«እኔ አልጻፍኩትም» አለ ዴልማር። «መጠየቁ ደግሞ ነውር መሰለኝ።»

ሬይሊን ከጀርባ ክፍል እየበረረች መጣች። «ሚስተር ኦርቪን፣ የኔ ማር፣ አዩልኝ? ካርዶችዎን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ይሄን ሁሉ ለየት ያለ ዕቃ ጓሮ ደብቀው መጥፎ ያልሆነውን ፊት ለፊት ይደረድራሉ? ትሕትናዎ እኮ ገደለን።»

ኦርቪን ወደ መስኮቱ ዞረ። መናገር እንዳለበት ያውቃል። ግን ሴትዮዋ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥታ ሪባን ስታስር የነጋባት ትመስላለች፤ ፊቷ ያበራል። «ሪባኑ» አለ በመጨረሻ፣ «ቀይ ነው።»

«አይደል? ዓይን ይስባል።»

ኦርቪን ያለ የሌለ ድፍረቱን አሰባሰበ። «ሌላ ሰው ቢሆን፣ ምናልባት፣ ሌላ ነገር ያስቀምጥ ይሆናል።»

እኛ ዘንድ ይህ ጥፊ ነው። እንዲህ ተባብለው ዓመት ሙሉ የተኳረፉ ወንድማማቾች አውቃለሁ። ሬይሊን ግን ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። «እኔን የቀጠሩኝ ለዚህ አይደል እንዴ» አለችና ወደ ገንዘብ መቀበያው ሄደች። ኦርቪን ፈሪ ነው ብለህ እንዳትፈርድበት። እኔም ብሆን ያው ነኝ።

ቀኑን ሙሉ የሆነው እንዲህ ነው። ሰው ይመጣል፣ መስኮቱ ጋ ይቆማል፣ ካርዱን ያነባል፣ ዋጋውን ያነባል፣ ከዚያ ከጎኑ ካለው ጋር ይተያይና «እንዲህ ነው እንዴ» ብሎ ወደ ቅርጫቱ ያልፋል። አንዲት አሮጊት ብቻ ደፍረው «ደፋር ዋጋ ነው» አሏት። ሬይሊን አመሰገነቻቸው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቅርጫቱ ባዶ ቀረ። ላፕቶፑ ከነሪባኑ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ሬይሊን ከመስኮቱ አንሥታ አቀፈችው። «ዋጋውን የሚያውቅ ሰው ከጠፋ እኔው ራሴ ከፍዬ እወስደዋለሁ» አለች። «ለእናቴ እልክላታለሁ። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከአልጋዋ ጎን ሰክታው የልጅ ልጆቿን እያየች ትተኛለች። ባትሪው ለብቻው ተቀምጦ ነበር፤ እንዳይጠፋ ብዬ መለስኩት። ትንሽ አስቸገረኝ፤ ግን በመዳፌ ደፈቅ ሳደርገው ገባ።»

ኦርቪን ያንን ባትሪ አልረሳውም። ረቡዕ ዕለት ጠረጴዛው ላይ ገፋ ቢያደርገው አራት ጊዜ ዞሯል። የእናትየዋ አልጋ ታየው፤ ብርድ ልብሱም ታየው።

«ቆሻሻ ነው» አለ።

ሳህን ስትመርጥ የነበረች ሴት ሳህኑን ለቀቀችው። ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ የመጣው ዴልማር ኮፍያውን አወለቀ።

«ምን አሉ?» አለች ሬይሊን።

«ቆሻሻ ነው አልኩሽ። ባትሪው አብጧል። እናትሽን ያቃጥላታል። አምጪው።» ተቀበላት፤ መንጨቅ ቢባል ይሻላል። በጠመንጃ መፍቻው ስር ስሩን ፈልቅቆ ባትሪውን አወጣና ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገው። ባትሪው ዞረ። ሬይሊን እስኪቆም ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ታዲያ ለየት ያለ ነው ብለው የጻፉት?»

«ቆሻሻ ነው ማለቴ ነዋ።»

«መጥፎ አይደለም የሚለውስ?»

ኦርቪን ጫማውን አየ። ቢመልስላት የገዛ ሥራውን በአፉ ማወደስ ሊሆንበት ነው። ዴልማር ደረሰለት። «ከዚያ በላይ የለም ማለት ነው» አለ።

ሬይሊን ዞር ብላ ባዶውን ቅርጫት አየች። «በአምስት ዶላር» አለች።

«በአምስት ዶላር» አለ ዴልማር በጣም እያፈረ።

«ከተማው ሙሉ ሲያልፍ ሲያገድም ዋለ። አንድ ሰው እንኳ እንዴት አይነግረኝም?»

ዴልማር ከልቡ አሰበበት። «ደስ ብሎሽ ነበር እኮ» አላት።

ሬይሊን ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላትና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሚስተር ኦርቪን፣ ዛሬ ጠዋት ለኮሚቴው ደብዳቤ ልኬያለሁ። ስለ እርስዎ። ጠረጴዛው እንዳይነሣ ብዬ።»

«ምን ብለሽ?»

«ኦርቪን ስሌተን በጣም ለየት ያለ ሰው ነው። ሥራውም ለየት ያለ ነው። በዕድሜዬ እንዲህ ለየት ያለ አላየሁም።»

ኦርቪን አጠገቡ ያገኘው አሮጌ ፕሪንተር ላይ ቁጭ አለ። ፕሪንተሩ ከሥሩ ተሰነጠቀ። ማንም ልብ አላለውም።

ኮሚቴው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተሰበሰበ፤ ኦርቪንና ሬይሊንም ተጠርተዋል። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ጉድሩን ኦስትቢ ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡት። በሁለተኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «ኦርቪን» አሉት፣ «ነገሩ እዚህ ደርሷል ብለን አላሰብንም ነበር። ሰዎች እንዲህ እስኪጽፉብህ ድረስ።»

ከጎኑ የተቀመጠው ሰውዬ የኬኩን ሳህን ወደሱ ገፋ አደረገለት። «ሁለተኛ ቁራጭ ውሰድ» አለው። ኦርቪን ይህን ሲሰማ ቅስሙ ተሰበረ። እኛ ዘንድ ሳይጠይቅ ሁለተኛ ቁራጭ የሚሰጠው የሞተበት ወይም የተባረረ ሰው ነው። የማርሊስ ቁም ሣጥን ታየው። ድስቶቹም ታዩት።

ያኔ ሬይሊን ተነሣች። ኦርቪን ዓይኗን ሲያይ ደነገጠ። «ድንቅ» የሚለው ቃል ከሆዷ ተነሥቶ ጉሮሮዋ ጋ ሲደርስ በዓይኑ አይቷል ብልህ አላጋነንኩም። አፏን ከፈተች። ዘጋችው። ዋጠችው።

«ደብዳቤው ስሕተት ነው» አለች። «ኦርቪን መጥፎ አይደለም።»

አንድ ሰው ሹካውን አስቀመጠ።

«ማን?» አሉ ወይዘሮ ኦስትቢ።

«ኦርቪን። ሥራውም መጥፎ አይደለም። ካርዶቹን ያበላሸኋቸው እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ኦስትቢ ጉንጫቸው ቀላ። «ሬይሊን» አሉ ዝግ ብለው፣ «ሰውየው እዚህ ተቀምጦ እኮ ነው። በፊቱ እንዲህ አይባልም።» ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞር አሉ። «ያለችውን እንዳለ አትጻፈው፤ ይኮራብናል። ጠረጴዛው ‹ይሠራል› ብለህ ጻፍና ባለበት ይቆይ።» ማንም አልተቃወመም። ኦርቪን ሁለተኛውን ቁራጭ ኬክ ያን ጊዜ በላው።

በማግሥቱ ጠረጴዛው ላይ በሬይሊን ጽሕፈት የተጻፈ ካርድ ጠበቀው። «መጥፎ አይደለም። አይሸጥም» ይላል። ኦርቪን ጆሮው እስኪቃጠል አፈረና ካርዱን በደረቱ ደፋው። ሊጠይቀው ብቅ ያለው ዴልማር ወጥቶ ሲሄድ ግን፣ ኦርቪን ግራ ቀኝ አይቶ መልሶ አቆመው።

ማታ እራት ላይ ማርሊስ ጠየቀችው። «ለመሆኑ ያቺ የቴክሳሷ ሴትዮ እንዴት ያለች ናት?»

ኦርቪን ድንቹን አላምጦ ዋጠ። ሬይሊን «ድንቅ» የሚለውን ቃል እንዴት እንደዋጠችው አስታወሰ። «መጥፎ አይደለችም» አለ።

ማርሊስ ሹካዋን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። ቀና ብሎ አያት። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺ ቃል የማን እንደነበረች ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለው።

«ትሠራለች» አለ ቶሎ ብሎ። «ትሠራለች ለማለት ነው።»