አሥራ ሦስት ጫማ

የሻውን በደንብ አላውቀውም። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ኋላ የሚያውቀው ሰው አንብቦ እንዳይታዘበኝ። እስራኤል አገር፣ ጊቫት ሃሞሬ በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ሕንፃ መግቢያ አራት ዓመት ኖረናል፤ እሱ ሁለተኛ ፎቅ፣ እኔ ሦስተኛ። ግን ሰውየውን ከማየው ይልቅ እግሩን የምሰማበት ጊዜ ይበዛል። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ይወጣል፣ መካከል ላይ ይቆማል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ኪሱ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር አይጠፋም። ቁልፍ ይመስለኝ ነበር። ሚሽሚሽ የምንለው ቢጫ ፍራፍሬ ውስጥ ያለው ጠንካራ ፍሬ መሆኑን ያወቅሁት በሁለት ሺህ አራት፣ ሙቀቱ በጀመረበት ወር፣ ደብዳቤ ይዞ በሬን ያንኳኳ ዕለት ነው።

“እታለም፣ እስቲ ይችን አንብቢልኝ” አለ። ግባ ብለው አልገባም። በሩ ላይ ቆሞ አንዴ በቀኝ እግሩ፣ አንዴ በግራው ይደገፋል።

ጎንደር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ስለመጣሁ፣ ዕብራይስጥም ከሌሎቹ ጎረቤቶች ትንሽ ስለምሻል፣ ወረቀት የመጣለት ሁሉ ወደ እኔ ይወጣል። ደብዳቤው ስለ ትንሿ ልጁ ስለ ስታቭ ነበር። ስድስት ዓመት ሊሞላት ወር ቀርቷታል። ከመዋለ ሕፃናት ወደ አንደኛ ክፍል ለማለፍ ፈትነዋት ኖሮ ውጤቱን ነው የጻፉት። ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። እሱ ፊቴ ቆሞ ሲቁነጠነጥ እኔም ተቁነጠነጥሁና ቶሎ ልገላግለው ብዬ አሳጠርሁት።

“መቁጠር አትችልም ነው የሚሉት። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ትፈተናለች። ያኔም ካልቻለች አንድ ዓመት እዚያው ትቆያለች።”

“ማን? ስታቭ? ስታቭ ናት መቁጠር የማትችል?”

ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ትልቁ ልጁ አሳፍ እንዲሁ አንድ ዓመት ተይዞ ነበር። አሁን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ስለሚረዝም ትከሻውን ሰብሮ ነው የሚሄደው።

“በአሳፍ ዝም አልሁ” አለ የሻው። “በሷ ዝም አልልም።” ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ሲከተው ፍሬዎቹ ተንኳኩ።

የሻው ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ የፕላስቲክ ባልዲ ከሚያወጣ ፋብሪካ ነው የሚሠራ። የጧት ፈረቃ ሲሆን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ያወርደዋል። በማግስቱ ልክ በዚያ ሰዓት ከታች ጫጫታ ሰማሁና ቆሻሻ የምጥል መስዬ ወረድሁ። ቤቱ ስለሚሞቅ አባትና ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። መካከላቸው አሥራ ሁለት እንቁላል የሚይዝ ባዶ ካርቶን አለ፤ በአንዱ ረድፍ ስድስት ጉድጓድ፣ በሌላው ስድስት። የአገር ቤቱ ገበጣ ነው። በጠጠር ፈንታ የሚሽሚሽ ፍሬ አጥበው በየጉድጓዱ አራት አራት አድርገውበታል።

“ሳትነኪ!” ይላታል። “በዓይንሽ ሂጂ። ከዚህ ብትነሺ የት ትደርሻለሽ?”

“አምስት ናቸው… ጥግ ላይ።”

“ጥግ ላይስ ስንት አለ?”

“ሦስት። የኔ ስትጨመር አራት። በላሁ!”

“ኧረ ሌባ!” ብሎ ጉድጓዱን በመዳፉ ከደነው።

“አባ፣ እጅህን አንሣ! ሎ ፌር!” ደግ አይደለም ማለቷ ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ወሰደች።

ጨዋታው ሲያልቅ እሷ ሃያ ዘጠኝ፣ እሱ አሥራ ዘጠኝ ያዙ።

“ስንት በለጥሽኝ?”

“አሥር።”

“በይ አሥሩን ስጭኝና እኩል እንሁን።”

ልጅቱ ፍሬውን መቁጠር ጀመረች፤ አራት ላይ ስትደርስ እጇን መለሰች። “አሥር ብሰጥህማ አንተ ሃያ ዘጠኝ ልትሆን ነው! አምስት ነው የምሰጥህ። ልታታልለኝ!”

“አለቃዬ ይችን ቢያውቃት እኔን አባሮ እሷን ይቀጥር ነበር” አለኝ ቀና ብሎ። “ሰማሽ እታለም? ይችው ናት መቁጠር የማትችል?”

“እንጃ” ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አሥር ቀን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ሰውየው አልቀመጥ አለ። ደረጃ ሲወጡ ደረጃ ያስቆጥራታል። አውቶቡስ ሲጠብቁ የአውቶቡሱን ቁጥር ለሁለት አካፍይ ይላታል። መሀል ከተማ ቲማቲም ሲገዙ ሳገኛቸው እንኳ “ከዚህ ሁለት ቢበሰብስ ስንት ይቀራል?” እያለ ነበር። ሚስቱ ጥሩአየሁ “ፈተናው ያለው በሱ ነው በሷ?” ብላ ትስቅበታለች። ስታቭ መጀመሪያ ላይ እንደ ጨዋታ ወደደችው፤ ኋላ ግን “አባ፣ ዳይ!” እያለች ጆሮዋን መያዝ ጀመረች፤ ይብቃህ ማለቷ ነው። የማታውቀው ነገር የት ላይ እንዳለ ስላልገባው የምታውቀውን ደጋግሞ ይጠይቃታል።

ሦስት ቀን ሲቀር እንደ ልማዴ ደረጃው ላይ ደረስሁባቸው። ልጅቱ ገበጣው ሰልችቷት ካርቶኑን ገልብጣ አውቶቡስ አድርጋዋለች። “አሁን እነዚህ ልጆች ናቸው” አለችኝ ፍሬዎቹን እያሳየች። “ሽርሽር ሊሄዱ ነው።” አንዱን እያነሣች “አንተ ግባ፣ አንች ግቢ፣ አትጋፋ” ትላለች።

“ስንት ልጆች ተሳፈሩ?” አልኋት፤ ለወጉ ያህል ነው።

ስድብ የተናገርሁ ይመስል አየችኝ። “ልጆችማ አይቆጠሩም።”

“ማን አለ?”

በአገጯ አባቷን አመለከተችኝ።

“ልክ ናት” አለ የሻው። “ሰው አይቆጠርም። አባቴ ከብቶቹን እንኳ ‘ሞልተዋል’ ወይ ‘ጎድለዋል’ ይል ነበር እንጂ ቁጥር ከአፉ አያወጣም።”

ያን ጊዜ ያቺ ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ትዝ አለችኝ። “ደብዳቤውን ስጠኝ” አልሁት። ላብ ያቀለመው ወረቀት ከኪሱ ወጣ። አሁን ሳላሳጥር፣ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት። ልጅቱ ሥዕል ላይ ያሉትን ልጆች እንድትቆጥር ሦስት ጊዜ ተጠይቃ ሦስቱንም ጊዜ ዝም አለች ነው የሚለው። ቤት ውስጥ ስንት ልጆች እንዳሉም ተጠይቃ ዝም ብላለች። እኔ “መቁጠር አትችልም” ብዬ አለፍሁት። አሥር ቀን በከንቱ ያሯሯጥሁት እኔ ነበርሁ።

ጥፋቴን ነገርሁት። አልተቆጣኝም። ብቻ ተነሥቶ እስከ ታችኛው በር ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ፣ ደግሞ ወረደ።

“ታዲያ ምን ላርግ?” አለ ከታች ሆኖ። “ቁጠሪያቸው ልበላት?”

“ሥዕል እኮ ነው፣ የሻው። ወረቀት ላይ ያለ ቀለም ነው።”

“ዛሬ ወረቀት ላይ ያለውን ከቆጠረች ነገስ?”

እልኸኛ ነው ብዬ በሆዴ አማሁት። በማግስቱ ግን ከሕንፃው ጀርባ ልብስ ሳሰጣ ጥሩአየሁ አጠገቤ መጣች። እርጥብ አንሶላ በእጇ እንደያዘች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ።

“አዲስ አበባ ሆነን ጉዞ ስንጠብቅ ነው። የሚመዘግብ ሰው መጣና ልጆች ስንት ናቸው አለው። የሻው ደስ ብሎታል፤ ስማችን ሊጻፍ ነው። ልጆቹን አሰልፎ ራስ ራሳቸውን በጣቱ እየነካ ሦስት ብሎ ቆጠረለት። ክረምቱ ሳይወጣ ሁለቱን ቀበርን። አሳፍ ቀረ።” አንሶላውን ገመዱ ላይ ጣለችና በሁለት እጇ ዘረጋጋችው። “እኔ ኩፍኝ ነው እላለሁ። እሱ ጣቴ ነው ይላል።”

ስታቭ እዚህ አገር ነው የተወለደችው። ስለዚያ ነገር ማንም አልነገራትም፤ ከአባቷ የያዘችው አይቆጠርም የሚለውን ብቻ ነው።

የፈተናው ዋዜማ ከሰዓት ስወርድ የሻውን በራቸው ላይ በተደረደሩት ጫማዎች ፊት ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። ልጅቱ አጠገቡ ናት።

“ሰዎቹን ተያቸው” ይላታል። “ዓይንሽን ወደ ታች አርገሽ ጫማቸውን ቁጠሪ። ጫማ ዕቃ ነው፤ ቢቆጠር ምንም አይሆን። ገባሽ?”

“የኔም ጫማ ይቆጠራል?”

“ያንችም ይቆጠራል።”

“አሳፍ ግን አንዱን ጫማውን ኳስ ሜዳ ጥሎት መጥቷል።”

“እሱ ይገረፋል” አለና ጥፋቴን ከነገርሁት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

በማግስቱ ለማስተርጎም አብሬያቸው ሄድሁ። መሀል ከተማ፣ ጠባብ ክፍል ናት። ፈታኟ ወጣት ሴት ነች፤ እኛን ከግድግዳው ጥግ አስቀመጠችን። የሻው ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው፤ እግሩን ያወዛውዛል፣ ኪሱ ይንኳኳል። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየችው።

ሥዕሉን አወጣች። ዛፍ ሥር የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። “ስንት ልጆች ታያለሽ?”

ስታቭ አጎንብሳ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። “አሥራ ሦስት ጫማ” አለች በዕብራይስጥ።

ፈታኟ አንድ ነገር ጻፈች። የሻው ከወንበሩ ብድግ አለ፤ እጅጌውን ይዤ አስቀመጥሁት።

“ጫማ አይደለም የጠየቅሁሽ። ልጆች።”

“አንዱ ጫማ ከዛፉ ጀርባ ነው” አለች ስታቭ፣ ፈታኟ ያላየችው መስሏት በጣቷ እያሳየች። “ያ ልጅ በአንድ እግሩ አይቆምም። ሲወጣ አሥራ አራት ነው። ሁለት ሁለት ስታደርጊው ሰባት ጥንድ።”

ፈታኟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “እሺ። እንግዲህ ልጆቹስ?”

ስታቭ ዞር ብላ አባቷን አየችው። የኪሱ ድምፅ ቆሟል። “ንገሪያት” ይላታል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለም። “አትንገሪያት”ም አላለም። ልጅቱ “ሰባት ጥንድ ጫማ” ብላ ደገመችው።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። ለምን እንደሆነ በምችለው ዕብራይስጥ አስረዳኋት፤ ስለ አዲስ አበባው አላነሣሁም። የሰማችኝ አልመሰለኝም፤ ግን ሥዕሉን ወደ ራሷ ስባ ዛፉን ቆይታ አየችው። ከዚያ ረጅም ነገር ጻፈችና ፈረመች። መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ትገባለች አለች።

ይህን ስተረጉምለት የሻው ልጅቱን አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረጋትና ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እዚያም አልቆመም፤ ከመስኮቱ እስከ ደረጃው፣ ከደረጃው እስከ መስኮቱ ይመላለሳል። ልጅቱ ከላይ ሆና ርምጃውን ትቆጥራለች።

የመመዝገቢያ ቅጽ ሰጡን፤ እዚያው ሞልተን እንድንሄድ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ አደረግሁት። እሱ ባለፈ ቁጥር አንድ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፣ ሲመለስ ይመልስልኛል። የአባት ስም። የእናት ስም። የመታወቂያ ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል። ስልክ። አድራሻ። እጄ ስለለመደ የሚቀጥለውን መስመር ሳላስብ ጮክ ብዬ አነበብሁት።

“በቤት ውስጥ ያሉ ልጆች ብዛት።”

ፊቴ መጥቶ ቆመ። ስታቭ ከትከሻው ላይ ሆና ቁልቁል አየችኝ።

“ሌላውን ጠይቂኝ” አለ።