በደባርቅ አዳራሽ ያዜምኳት እናት

ቫዮሊን የያዘው ሰውዬ ደባርቅ ሲመጣ መጀመሪያ የጠረጠርነው ጫማውን አይተን ነው። አዲስ አበባ ሙዚቃ የተማረ ሰው፣ በዚያ ብርድና በዚያ ጭቃ፣ በስስ የከተማ ጫማ ምን ሊሠራ ይመጣል? የአውራጃውን የኪነት ቡድን ሊያሠለጥን ነው ተባለ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግን ማንም አላመነም።

«ቫዮሊኑ ሣጥን ውስጥ ድምፅ መቅጃ ቴፕ አለ» አለ አንዱ መምህር፣ ሻዩን እያማሰለ።

«ለአንተ ሐሜት ደግሞ ካሴት ማን ያባክናል?» አለው ሌላው።

ሳቅን። ሳቁ ግን ቶሎ በረደ፤ የታሪክ መምህሩን ከዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ አስነሥተው ከወሰዱት ገና ብዙም አልቆየም ነበር።

እኔ ያደግሁት ሐረር ነው። ምደባው ደባርቅ ሲጥለኝ በዚያ አገር ዘመድ የምለው አልነበረኝም። መምህር ሆኖ ቤተ ክርስቲያን መሳም ኋላ ቀር ያሰኝ ስለነበር ኪዳን የማደርሰው ሳይነጋጋ፣ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ስቤ ነበር። ሰው አላስጠጋም። ብታሰር ስንቅ የሚያቀብለኝ የለም፤ ይህችን ነገር ከልቤ አላወጣኋትም።

አንድ ቀን ልጆቹን ሳስዘምር ሰውዬውን መስኮት ሥር ቆሞ አገኘሁት።

«መምህርት፣ ድምፅሽ እኮ ሶፕራኖ ነው» አለኝ።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከሴት ድምፅ ሁሉ ከፍ ብሎ የሚወጣው።»

«እኔ ዝቅ ብዬ ነው የምኖረው፤ ከፍታውን ለሌላ ይፈልጉ» አልኩት። እሱ አንቺ ሲለኝ እኔ አንቱ እያልኩ ነበር የማርቀው።

እሱ ግን አለቀቀኝም። የሰልፍ መዝሙር ሳይሆን ትንሽ ክፍል ውስጥ ቁጭ ተብሎ የሚሰማ ሙዚቃ ሊሠራ ፈልጓል፤ ቫዮሊን፣ ዋሽንት፣ ማሲንቆና አንዲት ሴት ብቻ። ታሪኩን ያገኘው ከአንድ የድሮ የግዕዝ መጽሐፍ ነው፤ ልጇ ዘምቶ የቀረባት ንግሥት በር ላይ ቆማ መንገደኛውን ሁሉ ትጠይቃለች። ትምህርት ቤቱንም አስፈቅዷል። እምቢ ብል ከማን ጋር እንደምጣላ አላውቅም።

የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። አስበው አስበው፣ «የጸሎት መጽሐፍ አይደለም፣ የነገሥታት ወሬ ነው። ከማኅሌቱ ዜማ ካልቀላቀለው ኃጢአት የለበትም» አሉ። ከዚያ ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ሰውዬውን ግን ማን ላከው?»

«አላውቅም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው እሺ ማለትሽም ያስጠይቃል፣ እምቢ ማለትሽም ያስጠይቃል። እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።»

የምንለማመደው በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት፣ በተሰባበሩ ወንበሮች መሀል ነበር። ማሲንቆ የሚመቱት ሽማግሌ ከዳባት እየመጡ ነው። ዜማው ለእሳቸው ጆሮ ማረፊያ የለውም፤ ወጥቶ ወጥቶ እዚያው ላይ ይቀራል። «እንዲያው ይቺ ዜማ መቼ ነው ቤቷ የምትገባው?» ይላሉ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ፣ «አትገባም፣ አባባ። ልጇን ሳታገኝ እንዴት ትገባለች?» ይላል። ይህን ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ያርፋል። ፊቴን የሚያነብ ስለሚመስለኝ ጣራ ጣራውን እያየሁ አዜማለሁ።

ሥራው ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት የአውራጃው የፖለቲካ ኃላፊ ግጥሙን መመርመር ነበረበት። ቀይ እስክሪብቶ ይዞ መጣ። «ንግሥት? በአብዮቱ ዘመን ለንግሥት ልናለቅስ ነው? እናት በሏት። ግዕዙም ይቅር፣ ሰፊው ሕዝብ የሚገባው ይሁን» ብሎ በገዛ እጁ ሰረዘና አረመ። ሰውዬው አንዲት ቃል አልተከራከረም። ለአንድ ድምፅ ከሽማግሌው ጋር ግማሽ ቀን የሚጨቃጨቅ ሰው ለዚህ ዝም ማለቱ ከነከነኝ።

ያቀረብነው በቀበሌው አዳራሽ፣ እሑድ ከስብሰባ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ከከተማውም፣ ከዳባትም፣ ከላይ ከተራራው መንደር ከጊችም ወጣቱ ለውትድርና ታፍሶ በሊማሊሞ ቁልቁል በካሚዮን ወርዶ ነበር። የብዙው ወሬ አልተሰማም። መርዶ ሳይመጣ ማልቀስ ደግሞ ጠላትን ደስ ማሰኘት ነው ተብሎ ተከልክሏል። እናቶቹ ዝም ብለው፣ እጃቸውን አጣምረው ነበር ስብሰባ የሚቀመጡት።

ጀመርን። መጀመሪያ ሰው ግራ ገባው፤ ከኋላ የሳቀም ነበር። ከዚያ ቃል የሌለው፣ ከፍ ብሎ ከፍ ብሎ የሚቆየው ቦታ ላይ ደረስኩ። ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ከተቀመጡት አንዲት እናት ቀስ ብለው ተነሡ፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጥለቱን ገለበጡና አዘቅዝቀው ለበሱ። ለቅሶ ቤት ሲገባ እንደሚደረገው። ቀጥሎ ያጠገባቸው። ቀጥሎ የጥጉ ሁሉ።

እኔን አልቃሽ አድርገውኛል።

በስመ አብ አልኩ በሆዴ። ባቆም ማቆሜ ያስጠይቃል። ሽማግሌው የለቅሶ ልማድ ያውቃሉና ማሲንቆውን ሳያስቡት ወደ ሙሾ መለሱት፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ይቀበሉኝ ጀመር።

ኃላፊው ዘሎ ተነሣ። «ማን ሞተ? እዚህ ማን ሞተ?»

መጀመሪያ የተነሡት እናት ዞረው አዩት። «ታዲያ ልጄ የታለ፣ ጌታዬ?»

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ተጠራሁ። ሰውዬው ከበሩ ውጭ በጥበቃ ተቀምጧል።

«ለቅሶ አስመስለሽ አውጪው ያለሽ ማነው? እሱ ነው?»

አንዲት አዎ ብትወጣኝ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። እሱም የታሪክ መምህሩ ወደሄደበት ይሄድ ነበር። 

«ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው ያዜምኩት፣ ጓድ። ንግሥት ነበረች፤ እናት የሆነችው በእርስዎ እጅ ነው።»

 ያላሰብኩትን አደረገ፤ ተነሥቶ በሩን ከፍቶ ማን እንደሰማ አየ። ሲመለስ ፊቱ ላብ በላብ ነበር። «ነገሩ እዚህ ይቅር። ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለኝ።

ሰውዬውን ባስቸኳይ ከተማውን እንዲለቅ አዘዙት። አውቶቡስ መናኸሪያ ሄድኩ፤ ልሰናበተው ብቻ አልነበረም። ሣጥኑን ታቅፎ የጎንደሩ አውቶቡስ እስኪሞላ ይጠብቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱታውን ተውኩት።

«እውነቱን ንገረኝ። እንደሚያለቅሱ አውቀህ ነበር?»

ረጋ ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«አንቺስ? ማን ልኮሽ ነው የምትጠይቂኝ?»

በዚያ ሁሉ ልምምድ ፊቴን ሲያጠናው የነበረው ለካ እሱም እኔን ፈርቶ ኖሯል። ማንም አልላከኝም ልለው አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን ትኬት ቆራጩ አጠገባችን መጥቶ ቆመ፤ የማን ሰው እንደሆነ ደግሞ አላውቅም። ዘጋሁት። ሰውዬው መልሱን እንዳገኘ ሰው አንገቱን ነቀነቀና ወጥቶ ተሳፈረ።